ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፤ የቤተሰብ ቪዲዮ ለምን ደጋግሞ ይጨመቃል?

ለቤትና ለቤተሰብ የሚበጅ ምክር በምናቀርብበት በዚህ ዓምዳችን ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ቪዲዮ ነው። ይሁንና ስለ ፊልም አይደለም፤ በየቤታችን ሳጥን ውስጥ ስለተቀመጠው፣ የኒካሑ፣ የሐጅ ሽኝቱና የዒዱ ቀን ስለተቀረጸበት የገዛ ራሳችን ቪዲዮ ነው።

ወደዚህ ጉዳይ ያመጣችን አንዲት እህታችን ናት። አራት ዲስኮች በፌስታል ይዛ ወደ እኛ መጣች። አንዱ እንደማንኛውም ዲቪዲ ትልቅ ሲሆን፣ ሦስቱ ግን የስኒ ማስቀመጫ የሚያህሉ ትንንሾች ነበሩ። ትልቁ ዲስክ በ1999 ዓ.ም. የተፈጸመው የኒካሕ ሥነ ሥርዓቷ ቪዲዮ ነው፤ ወንድሞቿና እህቶቿ እንዲካፈሉት በቅርቡ ያሠራችው ነበር።

«እናቴ ያን ዕለት አጠገቤ ተቀምጣ ዱዓ ስታደርግልኝ ተቀርጻ ነበር» አለችን። «አሁን እሷ ወደ አኼራ ሄዳለች። ልጆቼ አላወቋትም። ቪዲዮውን ከፍቼ ‹አያታችሁ ይህችው› ስላቸው ‹የትኛዋ?› ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ፊቷ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተቆራርጧል። ቪዲዮው እኮ ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ምን ሆነ?»

ጥያቄዋ የብዙ ቤተሰቦች ጥያቄ መሆኑን ስለምናውቅ መልሱን ለሁላችሁም እናካፍል ብለን ተነሣን።

የአንድ ቪዲዮ አራት ሕይወት

በመጀመሪያ ዲስኩን አልከፈትነውም። አብዛኛው በሴቶች ክፍል የተቀረጸ ስለሆነ እኛ ልናየው አይገባም። የጠየቅናት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ቪዲዮ ከተቀረጸበት ቀን ጀምሮ በማን እጅ፣ ምን እየተደረገ አለፈ? እሷም እያስታወሰች ነገረችን።

ቪዲዮውን የቀረጸችው ዘመዷ በዚያን ጊዜ በየሱቁ ይሸጥ በነበረ፣ በቀጥታ በትንሽ ዲቪዲ ላይ በሚቀርጽ ካሜራ ነው። ሦስቱ ትንንሽ ዲስኮች እነሱ ናቸው። ከዚያም ታናሽ ወንድሟ ጅዳ ለምትኖር እህታቸው ለመላክ ሲል ቪዲዮውን በኮምፒውተር አሳንሶ 700 ሜጋባይት በሚይዝ ሲዲ ላይ አደረገው። ዓመታት አለፉና ሲዲው ብቻ እጃቸው ላይ ሲቀር፣ ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ወስደው ጽሑፍና መግቢያ ተጨምሮበት ወደ ዲቪዲ ተለወጠ። በመጨረሻም ከዚያ ዲቪዲ ላይ ሌላ ሱቅ እንደገና «ኮንቨርት» አድርጎ የአሁኑን አወጣ።

ሲደመር ቪዲዮው አራት ጊዜ ተጨምቋል ማለት ነው። ካሜራው አንድ፣ ሲዲው ሁለት፣ የመጀመሪያው ሱቅ ሦስት፣ ሁለተኛው ሱቅ አራት። ከአራቱ ውስጥ ለዲቪዲው ግድ የነበረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ በሙሉ ሊቀሩ ይችሉ ነበር።

ግራ ያጋባቸው ሌላም ነገር ነበር። ሲዲው 700 ሜጋባይት ሳለ የመጨረሻው ዲቪዲ ከ4 ጊጋባይት በላይ ሆኗል። «ፋይሉ ከተለቀ ጥራቱም ጨምሯል ማለት አይደለም ወይ?» ብላ ጠየቀችን። አይደለም። ውሃ የገባበትን ወተት በትልቅ ጋን ቢገለብጡት ወተቱ አይበዛም። ትልቁ ፋይል የያዘው የትንሹን ፋይል ጉድለት ነው፤ ቦታው ብቻ ሰፍቶለታል።

መጭመቅ ማለት ምን ማለት ነው?

ዲቪዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ነው። ቪዲዮው በዲስኩ ላይ የሚቀመጥበት ዘዴም ኤምፔግ 2 ይባላል። ይህ ዘዴ ለምን እንዳስፈለገ አንድ ሒሳብ ያስረዳናል።

በአገራችን በለመድነው የፓል ሥርዓት አንድ የዲቪዲ ምስል በአግድም 720፣ በቁመት 576 ነጥቦች አሉት። በሰከንድ 25 ምስሎች ያልፋሉ። ይህ ሁሉ ሳይጨመቅ ይቀመጥ ቢባል በሰከንድ 124 ሚሊዮን ቢት ያህል ይፈልጋል። ቢት ማለት የኮምፒውተር ትንሿ የመረጃ ቅንጣት ናት። ዲቪዲ ግን ለምስሉ በሰከንድ ከ9.8 ሚሊዮን ቢት በላይ አይፈቅድም፤ ብዙዎቹ ዲስኮች ደግሞ 5 ወይም 6 ሚሊዮን አካባቢ ናቸው። እንግዲህ ከሃያው እጅ አንዱ ብቻ ተይዞ አሥራ ዘጠኙ መቅረት አለበት።

ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው፣ ሁሉንም ምስል ሙሉ በሙሉ ከማስቀመጥ ይልቅ በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ አንድ ሙሉ ምስል ይቀመጥና የቀሩት «ከዚያኛው ምን ተለወጠ?» የሚለውን ብቻ ይይዛሉ። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ምስል በአግድም 8 በቁመት 8 ነጥብ ወዳላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ይከፋፈልና ዓይን በቀላሉ የማይለየው ረቂቅ ዝርዝር ይጣላል። ያልነው ይስተዋልልን፤ ይጣላል። ተጠቅልሎ የተቀመጠ ነገር ቢሆን ኖሮ በኋላ ተፈትቶ ይወጣ ነበር። የተጣለው ግን የለም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንደሚባለው ነው።

የመጀመሪያው ጭመቃ በደንብ ከተሠራ የሚጣለው ነገር ብዙም አይታወቅም። ጉዳቱ የሚመጣው በሁለተኛው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ነው። ፕሮግራሙ ሁለተኛ ጊዜ ሲጨምቅ የሚያየው እናታችንን ሳይሆን የመጀመሪያው ጭመቃ ያስቀረውን ምስል ነው። በሰሌዳዎቹ መካከል የተፈጠረው መስመር ስሕተት መሆኑን አያውቅም፤ እንደ እውነተኛ የምስል ክፍል ይቆጥረውና ቦታ ይሰጠዋል። ለመስመሩ በሰጠው ቦታ ልክም ከእውነተኛው ምስል ይቀንሳል። በዚህ ዓይነት በየዙሩ ስሕተቱ እየደመቀ፣ ፊቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። በመጨረሻም ልጆቹ «የትኛዋ?» ይላሉ።

ስለዚህ የዛሬው ምክራችን ባጭሩ ይህ ነው፤ ፋይሉ ለዲቪዲ የሚስማማ ሆኖ ከተገኘ ምስሉን አትንኩት፤ ገልብጡት እንጂ አትጭመቁት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ያሉት አበው ያለ ምክንያት አይደለም።

የትኛው ፋይል ሳይነካ ያልፋል?

ይህን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ሚዲያኢንፎ የተባለ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ፋይሉን ሲሰጡት ምንነቱን ዘርዝሮ ይናገራል። ከዝርዝሩ ውስጥ የሚከተሉትን ማየት ይበቃል።

አንደኛ፣ የምስሉ ዘዴ ኤምፔግ 2 መሆኑ። ሁለተኛ፣ መጠኑ 720 በ576 መሆኑ፤ 704 በ576፣ 352 በ576 እና 352 በ288 የሆኑትንም ዲቪዲ ይቀበላል። ሦስተኛ፣ በሰከንድ 25 ምስሎች መሆናቸው። አራተኛ፣ የምስሉ ፍጥነት በሰከንድ ከ9.8 ሚሊዮን ቢት፣ ምስሉና ድምፁ ተደምረው ደግሞ ከ10.08 ሚሊዮን ቢት አለመብለጣቸው። አምስተኛ፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ መሆኑና በዶልቢ ዲጂታል፣ በኤምፔግ ወይም ባልተጨመቀው በፒሲኤም ዘዴ መቀመጡ።

እነዚህ ሁሉ ከተሟሉ ፋይሉ ቀድሞውንም ለዲቪዲ የተዘጋጀ ነው። በዲስክ ላይ የሚቀርጹት ካሜራዎች፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዘው ይሠሩ የነበሩት የዲቪዲ መቅጃዎች፣ ቀደም ሲል የተሠሩ ዲቪዲዎች አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው። በሃርድ ዲስክ ይቀርጹ ከነበሩት አንዳንድ ካሜራዎች ውስጥ «ሞድ» የሚል መጨረሻ ያለው ፋይል የሚወጣ አለ። ስሙ እንግዳ ስለሆነ ብዙ ሰው «ኮንቨርት ካልተደረገ አይከፈትም» ይላል። ነገር ግን ውስጡ ያው ኤምፔግ 2 ነው፤ የስሙን መጨረሻ ወደ «ኤምፒጂ» መለወጥ ብቻ ይበቃዋል። አንድ ቃል በመለወጥ የሚያልቅን ሥራ ስንቱ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ሲያስጮህበት አድሯል!

ድምፁ ብቻ ካልተስማማስ? ለምሳሌ 44.1 ኪሎኸርዝ ከሆነ? እንግዲያው ድምፁ ብቻ ይለወጥ። ምስሉና ድምፁ በአንድ ፋይል ውስጥ ቢቀመጡም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጫማው ስለጠበበ ካፖርት አይቀየርም።

እጅ ሳይገባበት የሚሠራው ሥራ ብዙ ነው

«ታዲያ መግቢያ ገጽ እፈልጋለሁ፣ ምዕራፍ እፈልጋለሁ፣ መሃሉን መቁረጥ እፈልጋለሁ» የምትሉ አላችሁ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኛው ምስሉን መልሶ መጭመቅ አይጠይቅም።

መግቢያ ገጹ ራሱን የቻለ ትንሽ ቪዲዮ ነው፤ እሱ ብቻ ይጨመቃል፣ ዋናው ቪዲዮ አይነካም። ምዕራፍ ማለት «ከዚህ ደቂቃ ጀምር» የሚል ምልክት ብቻ ነው። በውጭ አገር ተወልደው አማርኛ ለሚከብዳቸው የልጅ ልጆች ከሥር ትርጉም መጻፍ ብትፈልጉ፣ ዲቪዲ እስከ 32 የሚደርስ የጽሑፍ ትርጉም ለብቻው ይይዛል፤ ተመልካቹ በሪሞት ያበራዋል፣ ያጠፋዋል። የአያት ዱዓ ለአንዱ በእንግሊዝኛ፣ ለሌላው በዐረብኛ ሊተረጎም ይችላል፤ ምስሉ ላይ ግን አይጻፍበትም። እንደዚሁም እስከ 8 የሚደርስ የድምፅ መስመር ስለሚፈቅድ፣ በተቀረጸው ድምፅ ላይ ሙዚቃ ወይም ነሺዳ ከመጫን ይልቅ የመጀመሪያውን ድምፅ እንዳለ ትቶ ሌላውን በሁለተኛ መስመር ማስቀመጥ ይቻላል።

ሰዎቹ ቀጥነው ወይም ጠፍጥፈው የሚታዩበትም ቪዲዮ አለ። ይህ ብዙውን ጊዜ የምስሉ ጉዳት አይደለም፤ ማጫወቻው ምስሉን በ4 ለ3 ወይስ በ16 ለ9 መጠን ያሳየው የሚለው ምልክት ተሳስቶ ነው። ምልክቱን ማረም የሴኮንዶች ሥራ ነው። ለዚህ ብሎ ሙሉ ቪዲዮውን መጭመቅ ለተጣመመ ምስማር ግድግዳ ማፍረስ ይሆናል።

ስለ መቁረጥም እንንገራችሁ። ሙሉ ምስል የሚቀመጠው በየግማሽ ሰከንዱ ገደማ ነው ብለናል። በፓል ዲቪዲ በሁለት ሙሉ ምስሎች መካከል ያለው ርቀት ቢበዛ 15 ምስል፣ ማለትም 0.6 ሰከንድ ነው። ስለዚህ በሙሉ ምስል ላይ የምትቆርጡ ከሆነ ያለ ጭመቃ መቁረጥ ይቻላል። ሠላምታው ከሚፈለገው ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ቢጀምር ማን ያስተውለዋል? መቁረጫው ጫፍ ላይ ያሉትን ጥቂት ምስሎች ብቻ ጨምቀው የቀረውን እንዳለ የሚገለብጡ ፕሮግራሞችም አሉ።

ፕሮግራሙ ምን እያደረገ እንደሆነ እወቁ

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ወንድሞችና እህቶች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ፋይሉ የተስማማ ቢሆንም ፕሮግራሙ ሳይጠይቃቸው ሊጨምቀው ይችላል። ሀንድብሬክ የተባለው ዝነኛ ፕሮግራም ለምሳሌ ሥራው መጭመቅ ነው፤ ምስልን ሳይነካ የሚያሳልፍበት መንገድ የለውም። መጥፎ ፕሮግራም ስለሆነ አይደለም፤ ለዚህ ሥራ ስላልተሠራ ነው። ብዙዎቹ የቪዲዮ ማቀናበሪያዎችም «ኤክስፖርት» ሲባሉ ከዳር እስከ ዳር እንደገና ይጨምቃሉ።

በአንጻሩ ሜክኤምኬቪ ከዲስክ ላይ ሲያወጣ ምስሉን እንዳለ ነው የሚያወጣው። ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለውም «ኮፒ» የሚል ትእዛዝ ከተሰጠው አይጨምቅም። ዲቪዲኦተር የተዘጋጀ ኤምፔግ ብቻ ተቀብሎ ዲስኩን ያደራጃል፤ መጭመቅ የሚባል ነገር አያውቅም። በእሱ ላይ የተመሠረተው ዲቪዲስታይለር ደግሞ ለእያንዳንዱ ቪዲዮ ምን ይደረግ የሚል ምርጫ አለው፤ እዚያ ላይ «ኮፒ» የሚለው መመረጡን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁሉም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ሜክኤምኬቪም ተራውን ዲቪዲ ያለ ክፍያ ያወጣል።

ለማወቅ የሚያስችል አንድ ቀላል ዘዴም አለ፤ ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ የሚገለብጥ ከሆነ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ኮምፒውተሩም አይሞቅም። አየር ማናፈሻው ሲጮህ፣ «የቀረው ጊዜ» የሚለው ቁጥርም አልንቀሳቀስ ሲል ካያችሁ እየጨመቀ ነው። አቁሙና ምርጫዎቹን እንደገና ተመልከቱ።

ይህም ሌላ ጥቅም አለው። መገልበጥ ቀላል ሥራ በመሆኑ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ቪዲዮውን ይዞ ሱቅ ለሱቅ መዞር፣ የእናቶችንና የእህቶችን ምስል በማናውቀው ሰው ኮምፒውተር ላይ ትቶ ማደር ይቀራል። የቤተሰብ ቪዲዮ አማና ነው፤ በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለው በቤት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል።

ጭመቃው ግድ የሚሆንበት ጊዜ

በጭራሽ አትጭመቁ ማለታችን አይደለም። ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በሚኒ ዲቪ ካሴት የተቀረጸ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ሚሊዮን ቢት ያህል ስለሆነና ዘዴውም የተለየ ስለሆነ ለዲቪዲ አንድ ጊዜ መጨመቅ አለበት። በሞባይል የተቀረጸውም እንዲሁ ነው፤ ዘዴው ኤምፔግ 2 አይደለም። ኤችዲቪ የተባለው ካሜራ በኤምፔግ 2 ቢቀርጽም ምስሉ ለዲቪዲ ከሚፈቀደው በላይ ትልቅ ነው። የአሜሪካና የእኛ የቴሌቪዥን ሥርዓትም የተለያየ ነበር፤ በዚያ 720 በ480 እና በሰከንድ 29.97 ምስሎች ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ የተሠራ ዲስክ ዋሽንግተን ባለ ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ይሁንና ኮምፒውተር ሁለቱንም ስለሚያጫውት፣ ተቀባዩ ኮምፒውተር ካለው ቪዲዮውን መለወጥ ሳያስፈልግ እንዳለ መላክ ይሻላል።

ቪዲዮው በዲስኩ ላይ አልገባ ሲልም ብዙ ሰው ወደ ጭመቃ ይሮጣል። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ይህ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት ቢታሰብ ሁለት ሰዓት ያህል፣ በ9 ሚሊዮን ቢት ደግሞ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። ከዚህ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚታሰበው ሁለት ዲስክ ነው። ወይም 8.5 ጊጋባይት የሚይዘው ባለ ሁለት ድርብ ዲስክ አለ። የኒካሑን ጠዋት በአንዱ፣ ከሰዓቱን በሌላው ማድረግ ምን ክፋት አለው? የአንድ ዲስክ ዋጋ ለማዳን ብሎ የእናትን ፊት ማደብዘዝ ቁጠባ አይባልም።

ጭመቃው በእውነት ግድ ከሆነ ሦስት ነገሮችን ጠብቁ። አንድ፣ ከመጀመሪያው ቅጂ ተነሡ፤ ከቅጂ ቅጂ አትነሡ። ሁለት፣ የሚቆረጠውን ቆርጣችሁ፣ የሚስተካከለውን አስተካክላችሁ ስትጨርሱ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ጨምቁ። ሦስት፣ መጀመሪያውን አትጣሉት፤ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ፣ ቢቻል በሁለት የተለያዩ ቤቶች ውስጥ አስቀምጡት። ነገ የተሻለ ዘዴ ሲመጣ የምትመለሱት ወደ እሱ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ «ዲቪዲ ያለፈበት ነገር ነው» ትሉ ይሆናል። እርግጥ ነው፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች የዲስክ ማጫወቻ የላቸውም። ለዚያ ነው መቸኮል የሚገባው። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ማጫወቻ እስካለ ድረስ በየሳጥኑ ያሉትን ዲስኮች እንዳሉ ወደ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፤ ዲስክ ለዘላለም አይኖርምና። ሕጉም ለስልኩ ያው ነው። ቪዲዮን በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ ስትልኩት ተጨምቆ ይሄዳል፤ ያንን የተቀበለ ለሌላው ያስተላልፋል፤ አንዱም ከስልኩ አውጥቶ ያቀናብረዋል፣ እንደገናም ይላካል። እንደ ዶክመንት ወይም እንደ ፋይል ስትልኩት ግን እንዳለ ይደርሳል። ዛሬ የምትቀርጹት የአባታችሁ ቪዲዮ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል የሚወስነው ያች አንዲት ምርጫ ናት።

የእህታችን ነገር

አሁን ወደ እህታችን እንመለስ። ሦስቱን ትንንሽ ዲስኮች ከሠርግ ነጠላዋ ሥር አግኝታቸው ወደ እኛ ያመጣችው «ምናልባት ይጠቅሙ ይሆናል» ብላ ነው። «ተበላሽተዋል፣ አይሠሩም» ተብላ ነበር። ማን አላት? ብለን ስንጠይቅ፣ ሊያጫውቷቸው የሞከሩት ዲስኩን በቀጭን ቀዳዳ በሚውጥ ላፕቶፕ መሆኑን ነገረችን። እንዲህ ያለው ማጫወቻ ትንሽ ዲስክ አይቀበልም፤ ዲስኩም ሊጣበቅበት ይችላል። በመሳቢያ የሚወጣው ማጫወቻ ግን መሃሉ ላይ ለትንሹ ዲስክ የሚሆን ክብ ጎድጓዳ ቦታ አለው። ዲስኮቹ አልተበላሹም፤ የሚቀመጡበት አጥተው ነው።

እያንዳንዱ ትንሽ ዲስክ ቢሞላ 1.4 ጊጋባይት ይይዛል። ሦስቱ ሲደመሩ 4.2 ጊጋባይት ይሆናሉ። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሦስቱም ዲስኮች ምንም ሳይጨመቁ፣ መግቢያ ገጽ ተጨምሮላቸው፣ በአንድ ዲስክ ላይ ይገባሉ! ያ ሁሉ ማሳነስና መለወጥ ሲደረግ መፍትሔው ከነጠላው ሥር ተቀምጦ ነበር።

እኛ እርምጃውን በወረቀት ጻፍንላት፤ ሥራውን የሠራችው እሷ ናት፤ በቤቷ፣ ከእህቷ ጋር ሆና። የሦስቱን ዲስኮች ፎልደሮች በየስማቸው ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጡ። በዲቪዲ ውስጥ ቪዲዮው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ ፋይሎች ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥ ቁጥራቸውን ጠብቀው በቅደም ተከተል አያያዙ። «ኮፒ» የሚለውን መረጡ። ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ ርእስ ሰጡና በርን አደረጉት። ሲዲውን ያሳነሰው ወንድምም አልተወቀሰም፤ በዚያን ጊዜ ጅዳ ላለች እህቱ ደስታውን ለማድረስ ያደረገው ነውና። ጥፋቱ መጀመሪያው ቅጂ እያለ ማንም ወደ እሱ አለመመለሱ ነው።

ከሳምንት በኋላ ደወለችልን። ምስሉ እንደ ዘንድሮ ካሜራ ጥርት ያለ እንዳልሆነ፣ ያን ዕለት ካሜራው የቀረጸውን ያህል ግን መሆኑን ነገረችን። የእናቷ ሻሽ ጠርዝ ላይ ያለው ጥልፍ ሳይቀር ይለያል አለችን። ትንሿ ልጇም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ፣ ማንም ሳያሳያት፣ «አያቴ እቺ ናት፤ አንቺን ትመስላለች» አለች አሉ።

እኛ ያንን ምስል አላየነውም፤ ማየትም አያስፈልገንም። እናንተ ግን የየቤታችሁን ሳጥን ዛሬውኑ ክፈቱ። በመጀመሪያ የተቀረጸውን ፈልጉ፣ እንዳለ ገልብጡ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን ሥሩበት። ለዛሬ በዚሁ እናብቃ። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።